ኤርሲዶ የመዘነው ባሩድ

ዳዊት፣ አንተና ጓደኞችህ አደን ይዤያችሁ እንድሄድ ስትለምኑኝ ዝም የምለው ንፉግ ሆኜ አይደለም። መጀመሪያ ይህን ስሙኝ፤ ከዚያ አሁንም ካሻችሁ ለምኑኝ።

ወቅቱ የዚህ የደቡብ አፍሪካ ክረምት ነበር፤ ሰኔ ላይ፣ ጠዋት ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሽበት። ከጆበርግ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ገበሬ፣ ከርከሮ የአጥሩን ሥር እየቆፈረ አስቸግሮት ጠራን። ሦስት ነበርን። ሲፖ የእርሻው ሠራተኛ ነው፤ ዱካ ማንበብ ከአባቱ የተማረ ሰው። ኤርሲዶን ታውቁታላችሁ። ሆሳዕና አንድ ሰፈር ያደግን፣ ካትሌሆንግ፣ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቅ ውስጥ ከፍርግርጉ ብረት ጀርባ አንድ ፍራሽ የተካፈልን ታናሽ ወንድሜ ማለት ነው። ዛሬም «ወንድሜ» ከማለት ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ሽጉጤ ያው የምታውቁት ትልቁ ሪቮልቨር ነው፤ አርባ አራት ማግነም። ጥይቱን ራሳችን ነው የምንሞላው፣ ኮዝሞ ሲቲ ባለው የኤርሲዶ ጋራዥ ውስጥ። የተተኮሰውን ቀለህ እናጥባለን፣ መለኮሻውን እንቀይራለን፣ ባሩድ መዝነን እርሳሱን እንገጥማለን። ሚዛኑን የሚያስተካክለው ኤርሲዶ ነው፤ ዓይኑ ከእኔ ይሻላል። የመሙያ መሣሪያውን እጀታ የምጎትተው እኔ ነኝ። ሁለት ዓይነት ጥይት ነበረን። ባሩዱ ያነሰው ለስላሳው ወረቀት ላይ ለመለማመጃ ነው፤ ቂጡን በኤርሲዶ ሚስት የጥፍር ቀለም ቀይ እንቀባዋለን። ያልተቀባው ሙሉው ነው። እሱ ለአውሬ ነው።

ያን ዓመት የቀኝ እጄ አንጓ ክፉኛ ያመኝ ነበር። የስፓዛ ሰው መቼም የዱቄት ጆንያ ሲያነሣ ነው የሚያረጀው። ሙሉውን ስተኩስ ርግጫው እስከ ትከሻዬ ይወጣል፤ ሳላውቀው ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ቃታ የምስበው። «ጋሼ፣ እጅህ ደክሟል» የሚለኝ ግን አልነበረም። ታላቅን እንዲህ ማን ይለዋል? የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ጸለየልኝ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ሄደን ያልተቀባውን ስተኩስ፣ ምንም! ሕመም የለ፣ ርግጫው ለስልሷል፣ ጥይቱ ሁሉ መሐል ላይ ያርፋል። በማግስቱ ትሮይቪል ባለው የጸሎት አዳራሻችን ውስጥ ቆሜ መሰከርኩ። «ጌታ አንጓዬን ነክቶታል» አልኩና እጄን ለሁሉ አሳየሁ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ከሁሉ ድምፁን አጉልቶ «አሜን!» ያለው ኤርሲዶ ነበር።

ወደ ከርከሮው ልመለስ። ከርከሮ ተንበርክኮ ነው የሚግጠው፤ አመዳዩ ላይ የጉልበቱ ምልክት ተደርድሮ አገኘነው። ሲፖ ጎንበስ ብሎ ፋንድያውን በጣቱ ነካና «ትልቅ ወንድ ነው ባባ፣ አሁን ነው ያለፈው» አለኝ፤ ባባ አባቴ እንደማለት ነው። ነፋሱ ከፊታችን ነበር። ከአንድ ኩይሳ ጀርባ ደረስንበት፤ ጥርሱ ወደ ላይ የታጠፈ ሽማግሌ ነው። ተጠግቼ ትከሻው ላይ ተኮስኩ። ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም፤ ሮጦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

የቆሰለ አውሬ ትቶ መሄድ ነውር ነው። ወጥቶ የሚያገኘው ሰው ይኖራላ። «የጉድጓዱ አፍ ላይ እኔ እቆማለሁ» አልኩ።

«ጋሼ፣ እኔ ጠመንጃ ይዣለሁ፣ እኔ ልቁም» አለ ኤርሲዶ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ብርዱ መሰለኝ።

«እጄን እግዚአብሔር ፈውሶታል። አንተን ምን አስፈራህ?»

ጠመንጃውን አስተካክሎ ከኋላዬ ሄዶ ቆመ።

ሲፖ ከጉድጓዱ በላይ ወጥቶ ረጅም እንጨቱን ያዘ። ከመጎርጎሩ በፊት ዓይን ዓይኔን አየኝና «ባባ፣ ሹወር?» አለ፤ እርግጠኛ ነህ ወይ ማለቱ ነው።

«ሹወር» አልኩት።

እንጨቱ ገና ሲገባ አፈሩ ተናደና ሲፖ ተንሸራትቶ ከፊቴ ወደቀ። ከርከሮው አቧራ ለብሶ ወጣበት። ተኮስኩ። ደገምኩ። እርሳሱ ሲያርፍበት ከቆዳው ላይ ጭቃ ሲበተን አያለሁ፤ ይመታዋል፣ አያቆመውም። ጥርሱን የሲፖ ጭን ውስጥ ከትቶ ወደ ላይ ሳበው። ኤርሲዶ ጠመንጃውን ደግኖ ይጮኻል፤ መሐል ላይ እኔና ሲፖ ስላለን መተኮስ አልቻለም። ሮጬ የሽጉጤን አፈሙዝ ከከርከሮው ጆሮ ሥር አስደገፍኩና ቃታ ሳብኩ። ያኔ ወደቀ፣ ሲፖ ላይ።

የሲፖን ጭን በቀበቶዬ አሰርኩት። ባኪ የምንለው ፒካፕ መኪና ላይ ጭነን ስንከንፍ ደሙ በጣቶቼ መሐል ይሞቀኛል። ሲፖ አልጮኸም፤ የልጁን ስም ብቻ ይጠራ ነበር።

ሐኪም ቤት ኮሪደሩ ላይ የቀሩትን ጥይቶች ከኪሴ አውጥቼ መዳፌ ላይ ዘረጋሁ። አንዱም ቀይ የለበትም። ኤርሲዶ አያቸውና መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ ያልተቀባውንም ቀንሼው ነበር» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያች ቅዳሜ በፊት። እጅህ እንደዚያ ሲያምህ ማየት አልቻልኩም። ልንገርህ እያልኩ አፈርኩ። አንተ ደግሞ በማግስቱ ተነሥተህ መሰከርክ።»

«ዛሬስ? አደን ስንወጣስ?»

«ከኋላህ ሆኜ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው።»

«ሲፖ ይህን ያውቅ ነበር?»

ማልቀስ ጀመረ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩትና ትቼው ሄድኩ።

አዎ፣ ተከድቻለሁ። ሰው ለክፋት ቢከዳህ ትጠላዋለህ፣ ትገላገላለህ። አዝኖልህ የከዳህን ምን ታደርገዋለህ? ባሩዱን መቀነሱን እንኳ በቻልኩት። የሌለ ፈውስ በእግዚአብሔር ፊት ስመሰክር እያወቀ «አሜን» ማለቱ ነው ሌሊት የሚያስነሣኝ። ሲፖን «ሹወር» ያሰኘኝ ያ አሜን ነው።

ሲፖ ዳነ፤ ያነክሳል። ዛሬም «ባባ» ይለኛል፣ በጠራኝ ቁጥር ያመኛል። እኔም አዳራሹ ፊት ዳግመኛ ቆሜ እጄ እንዳልዳነ ተናገርኩ። ያን ቀን እልል ያለ የለም፤ ሳል ብቻ ነበር።

አሁን የምተኩሰው ቀይ የተቀባውን ብቻ ነው፣ ወረቀት ላይ። ለስላሳ ጥይት ነውር የለበትም፤ ለደከመ እጅ በረከት ነው። ነውሩ ሙሉ ነው ብሎ ማስያዝ ነው። ስለዚህ ዳዊት፣ አንተ ስትተኩስ ዓይንህን ትጨፍናለህ። ባለፈው አይቼሃለሁ። ጓደኞችህ «አንደኛ!» ይሉሃል፤ እኔ አልልህም። ተቀየምከኝ? ተቀየም፤ በሕይወት ሆነህ።

ኤርሲዶን ይቅር ብዬዋለሁ። እሑድ እሑድ እንደ ድሮው አጠገቤ ይቀመጣል። ግን አንድ ሰው መስክሮ እሱ «አሜን» ባለ ቁጥር፣ ዞር ብዬ ፊቱን አያለሁ፤ ምን ያውቅ ይሆን ብዬ።