የአንድ ቃል ዳፋ

መምህር ዋቅቶላ እንግሊዝኛን አጥርቶ የተማረው ወለጋ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ጉለሌ ተመድቦ ዘጠነኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በሰዋስው ሲያዛጋ የከረመ ተማሪ እንኳ፣ የቃላት አመሠራረት ላይ ሲደርስ ይነቃ ነበር። ዋቅቶላ ቃሉን እንደ ልብስ ስፌት ፈትቶ፣ መልሶ ይሰፋዋል።

በ1972 ዓ.ም. አንድ ጠዋት «ለስ» የምትለዋን ቅጥያ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

«ከስም ኋላ ስትገባ "የሌለው" ታሰኛለች» አለ። «ሆፕ ተስፋ ነው፤ ሆፕለስ ተስፋ ቢስ። እንግሊዞች አዲስ ቃል ሲፈልጉ እንዲህ እየቀጠሉ ይሠራሉ። እስቲ እናንተም ሥሩ።»

የባለሱቋ የኡሙሀኒ ልጅ ጀዊሪያ እጇን አወጣች። ከንጋት ጀምራ የቀበሌ ዳቦ ተሰልፋ፣ ባዶ እጇን ነበር የመጣችው።

«ብሬድለስ፣ ቲቸር። ዳቦ የሌለው።»

ክፍሉ አውካካ። ዋቅቶላም ሳቀ። «ብዙ ሰው አይጠቀምበትም እንጂ አሠራሩ ልክ ነው፤ ጎበዝ!» ብሎ ሰሌዳው ላይ አሰፈረው። ደወል ሲደወል ሳያጠፋው ወጣ። ከሱ ቀጥሎ የሚገባው የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪው፣ የሻይ ጓደኛው አድነው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዋቅቶላን ቀበሌ ጠሩት።

«አገሪቱ ዳቦ የላትም ብለህ አስተምረሃል» አለው ሊቀመንበሩ።

«ጓድ፣ ቃል እንዴት እንደሚሠራ ነው ያስተማርኩት።»

«እሺ፣ ይኼን ቃል ማን ሠራው? የተማሪውን ስም ንገረንና ቤትህ ግባ።»

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ፊት ድቅን አለበት።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ታሰረ። ሚስቱ ደሳለች ስንቅ ስታመላልስ ከሥራዋ ተባረረች። ሲፈታም «ለማስተማር ብቁ አይደለህም» ተብሎ፣ ሸጎሌ የከብት መኖ መጋዘን ዘበኛ ሆነ። አድነው ርዕሰ መምህር ሆኖ ጠበቀው።

አንድ ቅዳሜ ሳሙና ሊገዛ ኡሙሀኒ ሱቅ ጎራ አለ።

«ጀዊሪያ ደህና ናት? ትምህርቷስ?»

ሴትየዋ ደጁን ገልመጥ አደረገች። «እኔ እርስዎን አላውቅዎትም። ሳሙናም የለም።»

ሳሙናው ከኋላዋ ተደርድሯል።

«እማ፣ ማነው?» አለ ከመጋረጃው ጀርባ የሚያውቀው ድምፅ።

«ማንም አይደለም» አለች እናቲቱ።

ዋቅቶላ ወጣ። ፍርሃቷ ገብቶታል፤ ይቅር ሊላት ግን ልቡ እምቢ አለው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም። እሱና ሚስቱ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን የውጭ እንግዳ መጥቶ አስተርጉም ሲሉትም፣ «እንግሊዝኛ ረስቻለሁ» አለ።