አያ ታደለ ጨሞጋን የጋለበበት ዕለት

ልጅ እያለሁ ሰኔ ሲገባ ሰው ሁሉ ዝናብ መጣ ብሎ ደስ ሲለው እኔ እፈራ ነበር። ቤታችን ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን፣ እየሳቅን እንሻገራለን። ክረምት ሲሆን ግን ያ የምንስቅበት ወንዝ ቀለሙም ድምፁም ይለወጣል። ከደጃችን ሆነን ስንሰማው የተደናገጠ የከብት መንጋ ቁልቁል የሚሮጥ ይመስላል። እርጥብ አፈርና የተነቀለ ሣር ሲሸተኝ ዛሬም ድረስ ያ ድምፅ ይመጣብኛል።

ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል ነበርን። ከሰፈራችን ሴት ልጆች እስከ ስምንተኛ የዘለቅነው እኔና የሺ ብቻ ነን። የሺ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ በአንድ ዓመት ተወልደን በአንድ ቀን ነው ትምህርት ቤት የገባነው። አንድ ደብተር ከመካከሉ ቀደን ለሁለት የተካፈልንበት ጊዜም ነበር። የሁለታችንም አባቶች ለሽማግሌ ቃል ሰጥተዋል። እኔን የጠየቁት ከደምበጫ በኩል የመጡ ሰዎች ነበሩ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በቃሉ የሚታማ ሰውም አልነበረም። አንድ ቀን ለእናቴ፣ «ሚኒስትሪን ካለፈች ትማር፤ እኔ ለሰዎቹ እነግራቸዋለሁ። ከወደቀች ግን ለጥር ሠርጓን ደግሱ» ሲላት ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት። የየሺም አባት ይህንኑ ብሏል። ስለዚህ ለሁለታችን ያ ፈተና ፈተና ብቻ አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ አያ ታደለ መናገር አለብኝ። አያ ታደለ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ነው ወታደር ሆኖ ምጽዋ የወረደው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ ትከሻው እንደ በር ሰፍቶ፣ አረማመዱ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ሆኖ መጣ። መርከብ ላይ ነበር የሚያገለግለው። ልጅ ሆኖ በጨሞጋ ኩሬዎች የተማረው ዋና እዚያ ጠቀመውና ለመርከቡ ዋናተኛ ሆኖ ተመረጠ። ከመርከብ መርከብ በሚደረገው ውድድር ሁሉ የሚቀድመው ጠፋ። ከዚያ መርከባቸው በህንድ ውቅያኖስ ዳር ካለ ወደብ ስትቆም፣ የባዕድ አገር መርከበኞች ሳንቃ ላይ ቆመው ማዕበል ሲጋልቡ አየ። «ፀሐይ የመታኝ መሰለኝ። ሁለት ጊዜ ፊቴን ታጠብኩ» ይለን ነበር።

ቋንቋውን ከማያውቀው አንድ መርከበኛ በምልክት ብቻ ተማረ። በመጀመሪያው የማዕበል ግልቢያ ውድድር ገና ሲቆም ማዕበሉ ገልብጦት አፉ አሸዋ ሞልቶ ወጣ፤ የወደቡ ሰው ሁሉ ሳቀበት። በሁለተኛው ዓመት አራተኛ ወጣ። በሦስተኛው አንደኛ። ከዚያ በኋላ አለቆቹ ራሳቸው ፈቃድ እየሰጡ ከወደብ ወደብ ለውድድር ይልኩት ጀመር፤ በሦስት ወደቦች በስሙ የሚጠሩት ሰዎች ነበሩ። ስለ ድሎቹ ግን ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ውኃው ነው፤ ማዕበል ከሩቅ ሲነሣ እንዴት እንደሚታወቅ፣ የቱ እንደሚሸከም፣ የቱ እንደሚሰብር። የመጨረሻው ውድድር ላይ ማዕበሉ ከባሕር በታች ካለ ድንጋይ ጋር አላተመው። ቀኝ ትከሻው ወለቀ። ቢመልሱለትም ከዚያ ወዲህ በትንሽ ነገር የሚወልቅ ሆነ፤ እጁን አምኖ መቅዘፍ የማይችል ሰው ደግሞ አይወዳደርም። አሰናበቱት።

አገር ቤት ማን ይመነው! አንዱ ቄስ፣ «ልጄ፣ ውኃ ላይ ቆሞ የሄደውን እኛ በወንጌል እናውቀዋለን፤ አንተን ግን አላየንህም» ብለው ሰውን አሳቁበት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ዋንዛ አስቆርጦ፣ ከራሱ ቁመት የሚረዝም ሳንቃ አስጠርቦ፣ አፍንጫውን አሹሎ፣ በየሳምንቱ ሰም ይቀባው ጀመር። ጎረቤቱ «መቃን የሌለው በር» ይለው ነበር። ሳንቃው ከግርግዳችን ተደግፎ ስለሚቆም ቤቱ ሁሉ ማር ማር ይሸት ነበር።

ፈተናው ሁለት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ወንዙ ጉልበታችን ድረስ ብቻ ስለነበር ተያይዘን ተሻገርን፤ በደህና ሠርተን ተመለስን። ከተማ እንድናድር እናቴ ብትለምንም አባቴ፣ «ሴት ልጅ ሰው ቤት አታድርም» ብሎ እምቢ አለ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከቤት ወጣን። ገና ቁልቁለቱን ሳንጨርስ ድምፁን ሰማነው። የሺ ክንዴን ጨበጠችኝ።

ወንዙ ሞልቷል። እኛ ዘንድ ዝናብ አልጣለም፤ ከላይ፣ ከጮቄ ተራራ በኩል ዘንቦ ኖሯል። ውኃው እንደ ጠላ አንቡላ ደፍርሶ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር ይዞ ይወርዳል። የምንረግጣቸው ድንጋዮች የሉም። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ከማዶው ዳር እስከ ትምህርት ቤቱ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። በዙሪያ ሄዶ በመኪና መንገዱ ድልድይ መሻገር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የሺ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ቁልቁለቱን ወደ ላይ ሮጥኩ።

አያ ታደለን ስነግረው ሳንቃውን አነሣ። እናቴ ነጠላዋን በእጇ እንደያዘች ተከተለችን፤ አባቴም ሞፈሩን ጥሎ ከኋላ መጣ። ወንዙ ዳር ስንደርስ አያ ታደለ ጭራሮ ወደ ውኃው እየወረወረ የት እንደሚሄድ ይመለከት ጀመር። ከወንዙ መካከል አንድ ትልቅ ቋጥኝ አለ። ሲሞላ ቋጥኙ ይሰወርና ውኃው በላዩ እንደ ኮርቻ ያብጣል፤ እብጠቱም አይሄድም፣ እዚያው ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ሲል ወንዙ ገደል ይገባል።

«ባሕር ላይ ማዕበሉ ይመጣል፣ አንቺ ትጠብቂዋለሽ» አለኝ እብጠቱን እያሳየ። «ይኼ ግን የቆመ ማዕበል ነው። እሱ ላይ ከወጣን ፊቱን ይዞ ወደ ማዶ ያንሸራትተናል። ከሳትነው...» ብሎ ተወው።

እናቴ መካከላችን ገብታ ቆመች። «ታደለ፣ ዘጠኝ ዓመት ባሕር ወስዶህ መለሰልኝ። ሁለታችሁን በአንድ ጠዋት ለዚህ ወንዝ አልሰጥም!»

«እታለም፣ አልችልም ብዬ ባስብ አልነካትም።»

«ትከሻህስ?»

አያ ታደለ ሳንቃውን ወደ ውኃው አስጠጋ። ሁላችንም አባቴን አየን። አባቴ ውኃውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ውኃውን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሸራ ጫማዬን ክር በእጁ ፈታልኝ። አባቴ ጫማዬን ሲነካ ያን ዕለት ብቻ ነው ያየሁት።

አያ ታደለ የፈተና ካርዴንና እርሳሴን ሰም በተቀባ ጨርቅ ጠቅልሎ አናቴ ላይ አሰረልኝ። ለየሺም እንዲሁ አሰረላት። «አንድ በአንድ ነው የማሻግራችሁ። ማን ይቅደም?» አለ። የሺ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ሳልጠብቃት ወደ ሳንቃው ሄጄ ተኝቼበት ነበር።

ውኃው ሲነካኝ ቅዝቃዜው ትንፋሼን ነጠቀኝ። ሳንቃው ላይ በደረቴ ተኝቼ ሁለቱን ጠርዝ ጨብጫለሁ፤ አያ ታደለ ከኋላዬ እግሬን በደረቱ ተጭኖ በሁለት እጁ ይቀዝፋል። ዳሩ ከዓይኔ ጠፋ። ሁሉ ነገር ቡናማና ጩኸት ሆነ። «አንገትሽን ቀና አድርጊ! አትንቀሳቀሺ!» ይለኛል። እብጠቱ ከፊታችን እንደ ጣሪያ ከፍ አለ። ከኋላዬ ክብደቱ ሲነሣ ተሰማኝ፤ በጉልበቱ ቆሟል። ሳንቃው በአንድ ጎኑ አዘነበለ፤ ውኃው ከታች ወደ ኋላ እየሮጠ እኛ ግን ወደ ቁልቁል አልሄድንም። ወደ ጎን፣ ወደ ማዶ ተንሸራተትን። ለጥቂት ትንፋሽ ያህል ጩኸቱ ሁሉ የራቀ መሰለኝ። አያ ታደለ ሳቀ። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ ሳቀ።

ግንዱን አላየነውም። ከላይ የመጣ ግንድ የአያ ታደለን ቀኝ ጎን መታና የሰማሁት ሳቅ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ሳንቃው ተሽከረከረ። ውኃ ዋጥኩ። «ያዢ! ብቻ ያዢ!» አለኝ፤ በግራ እጁ ብቻ ሲቀዝፍ ይሰማኛል። ገደሉ የሚያጓራበት ቦታ እየቀረበ ነው። ከዚያ ጉልበቴ ጠጠር ነካ። ቀና ስል ከማዶው ዳር ጠጠሩ ላይ ነን፤ አያ ታደለ በጎኑ ወድቆ፣ ቀኝ ክንዱ የእሱ ያልሆነ ይመስል ተንጠልጥሎ።

«ሂጂ» አለኝ።

«የሺስ?»

አይሆንም በሚል ራሱን ነቀነቀ። ዓይኑ ዕንባ ሞልቷል። «ሂጂ ብርቄ፣ ሰዓት የለሽም!»

ዞሬ አየሁ። ከወዲያ ዳር የሺ ጫማዋን አውልቃ፣ ጨርቁን ከነካርዱ አናቷ ላይ አስራ፣ ቆማለች። እጇን አላነሣችም። አልጠራችኝም። እኔም አልጠራኋትም። ሮጥኩ።

ፈተና ክፍሉ ስደርስ በሩ ሊዘጋ ነበር። ፈታኙ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ጨርቁን ራሳቸው ፈትተው ካርዴን አዩ፤ ደረቅ ነበር። ከቀሚሴ የሚንጠባጠበው ውኃ ከወንበሩ ሥር ኩሬ ሠራ። የየሺ ወንበር ከፊቴ ባዶ ነበር። አንዱን ቀን ብቻ የተፈተነ ሰው አልፎ አያውቅም። እኔ አለፍኩ። የሺ በጥር ተዳረች፤ ሠርጓ ላይ ሚዜዋ አልነበርኩም፣ አልጠራችኝምና።

የአያ ታደለ ክንድ ከዚያ ወዲህ ከትከሻው በላይ ተነሥቶ አያውቅም። ግን በየበጋው፣ ወንዙ በሚረጋበት ኩሬ፣ የሰፈራችንን ልጆች ወንድ ሴት ሳይል ዋና ማስተማር ጀመረ። መጀመሪያ የሴቶቹ እናቶች ጮኹ። እናቴ የታናሽ እህቴን እጅ ይዛ ፊት ለፊታቸው አልፋ ወደ ኩሬው ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። አያ ታደለ እስኪሞት ድረስ ከዚያ ኩሬ አልጠፋም።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ፤ በብዙ ከተማ ኖርኩ። የሺን ቤቷ ሄጄ ያን ቀን ለማንሣት ፀጉሬ እስኪሸብት ፈጀብኝ። «ሳልጠይቅሽ ቀደምኩሽ» አልኳት። ይቅር እንድትለኝ ወይ እንድትሰድበኝ ነበር የጠበቅሁት። የሺ ጎመኑን መቀንጠሷን አላቆመችም።

«ሦስት ዓመት አኩርፌሽ ነበር» አለች። «ከዚያ ልጆቹ መጡ፤ የማኮርፍበት ጊዜ አጣሁ።»

ቀና ብላም፣ «አያ ታደለ እኔን ቢጠይቀኝ ግን እኔም እቀድምሽ ነበር» አለችኝ።

ዛሬ እኛ የተሻገርንበት ቦታ ላይ የሲሚንቶ ድልድይ አለ። ባለፈው ሰኔ የየሺ የልጅ ልጅ ሚኒስትሪ ስትፈተን እኔና የሺ በጠዋት ልንሸኛት ወጣን። ባጃጅ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ተጨናንቃ፣ ጫማዋ ደርቆ፣ ደብተሯን እያገላበጠች ድልድዩን ተሻገረች። ወንዙ ሞልቶ ያጓራ ነበር፤ አንዳቸውም ዝቅ ብለው አላዩትም። «በጣም ፈርቻለሁ» ብላን ነበር ስትሄድ፣ ሒሳቡን ማለቷ ነው። የሺ ባጃጁ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ ካየች በኋላ ክንዴን ያዘችና፣ «እሰይ» አለች። «ሒሳብ ብቻ ትፍራ።»