ቀዩና ሰማያዊው ክር

በልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሁለት ልብስ ተኳሾች ነበሩ። አንዷ እትዬ ናቸው፤ ዓይናቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ያልደከመ። ሌላዋን ዝምታ ይሏታል፤ ከአፏ ቃል ማውጣት ከጉድጓድ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

ልብሱን የተኮሰች፣ ሥራው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ በጠርዙ ውስጥ ክሯን ታስራለች። የእትዬ ቀይ ነው፣ የዝምታ ሰማያዊ። የእትዬ ዓይን ክር ማየት ከተወ ወዲህ ግን ሁለቱንም የምታስረው ዝምታ ናት። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቢታወቅ እትዬ በዚያው ቀን ይሰናበታሉ።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ይመጣል። በፊልሙ አንዲት ንግሥት ሰውን እንዳሻት የምታዝበት ዘውድ አላት። ያኔ ዝምታ አፍ ታወጣለች፤ ለእትዬ ያየችውን ትነግራቸዋለች።

«አሁንስ ምን ሆነ?» አሉ እትዬ።

«ወታደሩ መንደሩን አቃጥሎ መጣ። ‹ዘውዱ አዞኝ ነው› ይላል።»

«ውሸቱን ነው! ዘውድ ክብሪት ይጭራል እንዴ?»

ዝምታ ሳቋ መጣ። ስትስቅ ካውያዋ በምትተኩሰው ግራጫ ኮት ላይ ቆየ። ብድግ ስታደርገው የካውያው ቅርጽ ኮቱ ጀርባ ላይ ጠቁሮ ቁጭ ብሏል።

እትዬ ሽታው ደረሳቸው። «ውይ እኔን ይድፋኝ! የእኔ ካውያ ነው አይደል? ረስቼው ነው። በቃ፣ ዛሬ አለቀልኝ።»

አሠሪያቸው እየተጣደፈች መጣች። «የማን ሥራ ነው? ክሩ የታለ?»

ክሩ ገና አልታሰረም። ሁለቱም ክሮች በዝምታ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ናቸው። ቀዩን ብታወጣ ሁሉም ያምናል፤ እትዬ ራሳቸው አምነዋል። በቴሌቪዥኑ ወታደሩ አሁንም «ዘውዱ ነው፣ ዘውዱ ነው» ይላል።

ዝምታ ሰማያዊውን አወጣች። አሠሪዋ እያየች ኮቱ ጠርዝ ላይ አሰረችው።

«እኔ ነኝ። ፊልም እያየሁ።»

«አንቺም ትናገሪያለሽ ለካ!» አለች አሠሪዋ። ኮቱን ሳይሆን ቴሌቪዥኑን አየችው። ነቅላ ይዛው ሄደች።

በማግስቱ ቤቱ ጭር አለ። እትዬ ሸሚዝ እየተኮሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ወታደሩ ምን ሆነ?»

«እኔስ የት አየሁት፣ እትዬ?»

«እንግዲያው የሚሆነውን አንቺ ምረጪለታ።»

ዝምታ አሰበች። ዓይኗን ከካውያዋ ሳትነቅል መናገር ጀመረች፦

«ወደዚያው መንደር ተመለሰ። ‹እኔ ነኝ› አላቸው። ከዚያ… ጭቃ ማቡካት ጀመረ፤ ቤት ሊሠራላቸው።»

«ተቀበሉት?»

«እሱን ነገ እነግርዎታለሁ።»