የአባቴ እግርና የአዴ ቅጠል

በሁዳዴ ጾም ከጎሮ ገበያ እንቁላል ተሸክሞ መመለስ ሰው ያስቃል። ሻጯ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አየች፣ የሞላሁትን ዘንቢል አየች፣ «ጾሙ ቀረ እንዴ?» አለችኝ። ለሥራ ነው አልኳት። አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተለቀመ መሆኑን አጥብቄ ስጠይቃት ደግሞ ጭራሽ ግራ ገባት።

የምሠራው ሮቤ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። እንቁላሉን ማሞቂያ ውስጥ አስቀምጬ፣ ጫጩቱ መፈጠር ሲጀምር ቅርፊቱን በትንሹ እከፍታለሁ። ከሥር ባለው ስስ ሽፋን ላይ የደም ሥሮች ተዘርግተው ይታያሉ። አንዱ ላይ የቅጠል ጭማቂ፣ ሌላው ላይ ንጹህ ውሃ ጠብ አደርግና የደም ሥሩ የት እንደበዛ፣ የት እንደቀጨጨ አያለሁ። ቅዳሜ ባልደረቦቼ ወደየቤተሰባቸው ሲበተኑ እኔ እቀራለሁ። መብራት ከጠፋ የባሌ ብርድ እንቁላል አይምርም፤ ማሞቂያውን ጋቢዬን አልብሼ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሰው ሳላናግር የምውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ይከፋኛል፤ ለማን እንደምነግረው ግን አላውቅም።

በዚያ ሰሞን የምፈትነው ቅጠል የአዴ ነበር። አዴ ጎባ የሚኖረው አባቴ ጎረቤት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው። አባቴ ስኳር አለበት። እግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ፣ ሐኪሞቹ በዚሁ ከቀጠለ ይቆረጣል ብለውናል። አዴ ጠዋት ጠዋት ቅጠል ወቅጠው ይመጣሉ፤ ቁስሉ ላይ አድርገው ያስሩለታል። የቅጠሉን ስም ብጠይቃቸው፣ መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይሻራል ብለው እምቢ አሉ። ቅጠሉን ግን እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ። ቁስል እንዲጠግ አዲስ የደም ሥር ያስፈልገዋል፤ እኔም ይህ ቅጠል የደም ሥር ያበዛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

አላበዛም። ውሃ ያረፈበት ሽፋን ላይ የደም ሥሩ ቅርንጫፍ አውጥቶ ተንሰራፍቷል፤ ቅጠሉ ያረፈበት ግን ቀጫጭኖቹ ጠፍተው ነጣ ብሏል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በሌላ እንቁላል ደገምኩት። ያው ነው። እንቁላል የሰው እግር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ጎባ ሄድኩ።

አባቴ ሰምቶኝ ሲጨርስ አልደነገጠም።

«እንደማይረባኝ ካወቅኩ ቆየሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ታስደርገዋለህ?»

«አንቺ የምትመጪው እሁድ እሁድ ነው። እሳቸው በየቀኑ ይመጣሉ። ቅጠሉ ከቀረ ምን ብለው ይመጣሉ?»

ባል የሞተባት ሴት፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቤት ያለ ጉዳይ ጠዋት ጠዋት ብትገባ ሰፈሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ቅጠሉ ጉዳይ ነበር። እግሩን ግን ዝም ብዬ ማየት አልሆንልኝ አለ።

በማግስቱ አዴ ሲመጡ እኔው ነገርኳቸው። አልተቆጡም። የወቀጡትን ቅጠል መልሰው በመሐረብ ቋጠሩና፣ አባቴን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ «ቶሌ፣ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው እንግዲህ» አሉ። አባቴ እግሩን እንደዘረጋ ነበር።

«አረፍ ይበሉ እንጂ» አላቸው።

«ሌላ ጊዜ» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቁስሉ ጤና ጣቢያ ሲታጠብ፣ ሲታሸግ ከረመ። ቀስ በቀስም ጠገገ። በቅርቡ ስሄድ ፋሻው ተፈቶ አገኘሁት። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ተንበርክኬ እግሩን አገላብጬ አየሁ። አዴ ብቅ ይላሉ ወይ ብዬም ጠየቅሁት።

«መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል» አለ።

ከዚያ እግሩን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደና ወደ በሩ ዞር አለ።

«እግሬስ ድኗል» አለኝ።