የዳማ ክኒንና የእኔ አንደበት

ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ቤት ሳለሁም የጻፍኩት መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ነው። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር መቅረት አልቻልኩም። ይህን ወረቀት የጻፍኩት እህት አስቴር ቆማ እንድታነብልኝ ብዬ ነው፤ በእናንተ ፊት መናገር እፈራለሁና።

በፊት ጌታን አላውቀውም ነበር። ከልጅነቴም ቁጥብ ነኝ። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሲደርስ ከእናቴ ጋር ወደ አምባሰል፣ አክስቴ ዘንድ ሸሸን። በመንገድ ያየሁትን ዛሬ አልጽፍም። ስንመለስ ለሰው መልስ መስጠት አቃተኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። እናቴ ለጎረቤት «ጦርነቱ የልጄን አፍ ይዞ ሄደ» ትል ነበር። ከእሷ ሌላ የማዋራው ድመቴን ዳማን ብቻ ነው። ትተናት ሸሽተን ስንመለስ፣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ በራችን ላይ ጠበቀችን።

አንድ ቀን ጠዋት ዳማ ጮኸች። ሮጬ ስሄድ የኋላ እግሮቿን ትጎትታለች። ስነካቸው ሐይቅ ውስጥ እንዳደረ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ። እናቴ «እባብ ነድፏት ነው፣ ተያት» አለች። ጎረቤታችን እህት አስቴር ግን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እኔንም አስከትላ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ወሰደቻት።

«እኔ የለመድኩት በሬና በግ ነው» አለ ሐኪሙ እየሳቀ። ልቧን ሲያዳምጥ ሳቁ ቆመ።

«እባብ አይደለም። ልቧ ታሟል። እዚያ የረጋ ደም ወርዶ የእግሮቿን ደም ሥር ዘግቶታል። አልዋሽሽም፣ አብዛኞቹ አይተርፉም።»

የሕመም ማስታገሻ ወጋትና ደም ማቅጠኛ ክኒን አዘዘላት። «የሰው መድኃኒት ነው። አራት ቦታ ቆርጠሽ አንዷን ቁራጭ በቀን አንዴ ስጫት። የረጋውን አያሟሟውም፤ ሌላ እንዳይረጋ ነው የሚከላከለው። ድዷ ከደማ ወይም ሽንቷ ከቀላ ቶሎ አምጫት። በራስሽ ሌላ ክኒን እንዳትጨምሪባት።»

እህት አስቴር ዳማን ይዛ ወደ ቤት ስትመለስ እኔን ወደ መድኃኒት ቤት ላከችኝ። አልችልም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። «የኢየሱስን ስም ጥሪ፣ አፍሽን እሱ ይከፍተዋል» አለችኝ።

ያን ጊዜ መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም፤ ሰልፉ እስከ በረንዳው ነው። ተራዬ ደረሰ።

«ለማን ነው?» አለኝ ባለመድኃኒቱ። የመድኃኒቱ ስም ያለበትን ወረቀት ዘረጋሁለት።

«ለእናትሽ ነው?» ጣቴን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ።

«ያለኝ ጥቂት ነው፣ ለማን እንደሆነ ካልነገርሽኝ አልሰጥም» ብሎ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ። ዳማ እየሞተች ነው። በልቤ «ኢየሱስ» አልኩ፣ የማላውቀውን ጌታ።

«ለድመቴ ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ ሰማኝ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ሰው ባጣው መድኃኒት ድመት ልትታከም ነው» አለ አንዱ።

ወገኖቼ፣ እኔ በዚህ አፍሬ መሮጥ ነበረብኝ። ቃሉ ግን መጣ። ስለ ልቧ፣ ስለ ቀዘቀዙት እግሮቿ፣ ሐኪሙ ስላለው ሁሉ ተናገርኩ። ያን ያህል ቃል ለሰው ከተናገርኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ጌታ ይባረክ።

ከቤታችን ጀርባ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ሸህ ይመር፣ ሰልፉ ውስጥ ነበሩ። «ወላሂ እኔም የምውጠው ይኼንኑ ነው» አሉ። «ከእኔ ቀንሰህ ስጣት። እሷም አላህ የፈጠራት ነፍስ ናት።» ባለመድኃኒቱም እየሳቀ ሰጠኝ።

ክኒኑ መራራ ነው። ዓሣ ውስጥ ብደብቀው ዓሣውን በልታ ክኒኑን ትተፋለች፤ አፏ አረፋ ይደፍቃል። በኋላ ቅቤ ቀብቼ ምላሷ ሥር ድረስ ማስገባት፣ ከዚያም መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ ውሃ ማስከተል ለመድኩ። ሸህ ይመር ጠዋት ጠዋት የራሳቸውን ክኒን ይዘው በአጥሩ ላይ ብቅ ይላሉ። «የመድኃኒት ባልንጀራዬ ዋጠች? እሷ ካልዋጠች እኔም አልውጥም።» መልስ ካልሰጠሁ እውነት ሳይውጡ እንዳይቀሩ ፈርቼ እመልሳለሁ። እንዲህ እያልኩ መናገር ለመድኩ።

የዳማ እግሮች ቀስ በቀስ ሞቁ። አንደኛው ዛሬም ያነክሳል፤ በሁለተኛው ግን አጥር ትዘላለች። ስሙ ይመስገን። እኔም ከእህት አስቴር ጋር ወደዚህ ጉባኤ መጥቼ ጌታን ተቀበልኩ። ክኒኑን አላቋረጥኩም፤ በሐኪሙም እጅ የሠራው እሱ ነው።

እናንተ ቃል ያጣችሁ ካላችሁ፣ ረጅም ጸሎት አያስፈልጋችሁም። ስሙን ብቻ ጥሩት። እኔን በድመት ምክንያት የሰማ እናንተን አይንቅም።

ዛሬ ጠዋት ይህን ወረቀት ይዤ ስወጣ ሸህ ይመር «ምንድን ነው?» አሉኝ። እህት አስቴር በጉባኤ ፊት የምታነብልኝ ምስክርነት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሳቁ።

«አብሽሪ ልጄ። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ፊት ለድመት የወጣ ድምፅ ለፈጣሪሽ ሲሆን ምን ያግደዋል? ራስሽ አንብቢው።»

ይህችንም በመንገድ ላይ ጨምሬ፣ እነሆ ራሴ አነበብኩላችሁ።