አንካሳው መጣ

መካኒኩን ሰፈሩ «ቀስ በል» ነው የሚለው። ብሎን ሲፈታም፣ ደንበኛ ሲያጣድፈውም፣ ከአፉ የምትቀድመው ቃል እሷ ናት። ስሙን ያወጣለት ታናሽ ወንድሙ ነው፤ እሱ ግን የሰማው ጎረቤቱ ሁሉ ከለመደው በኋላ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የሚገርመው፣ በሞተር ነገር ከዚያ ጆሮ የሚያመልጥ ድምፅ አልነበረም። መኪናው ገና ጋራዡ በር ላይ ሳይቆም እሱ ሕመሙን ለይቶ ይናገራል።

ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ማኅፀን ያፈራቸው አይመስሉም ነበር። አባታቸው ሲሞት ታላቁ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ ገባ። የሰው ሞተር በነጭ ጋዝ እያጠበ፣ ከእናቱ ጋር ሆኖ ታናሹን አሳደገ። ታናሹም አድጎ እዚያው ጋራዥ ገባ፤ እናታቸው «ችኩሌ» የምትለው ልጅ። ታላቁ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል፣ ችኩሌ «እግር እስኪያወጣ ጠብሰን እንብላው» የሚል ዓይነት ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውላሉ፤ ምሳ ሲደርስ ከአንድ ሳህን ይበላሉ።

ችኩሌ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። አንድ ቀን፣ ከውድድር መኪና የወለቀ ካምሻፍት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ተስሎ ልጅ እንዳገኘ ሰው እየሳቀ መጣ። ካምሻፍት ሞተር ውስጥ ሆኖ የሚሽከረከር፣ ጉብታ ጉብታ ያለው ዘንግ ነው። ጉብታዎቹ ቫልቮቹን ይከፍታሉ፤ ሞተሩ አየር የሚስበውም ጭስ የሚተፋውም በእነሱ ልክ ነው። የዚህኛው ዘንግ ጉብታዎች ሰፋፊ ስለነበሩ፣ የመግቢያውና የመውጫው ቫልቭ ረዘም ላለ ጊዜ አብረው ተከፍተው ይቆያሉ። መኪናዋ ስትበር ደግ ነው። ቆማ ስትጠብቅ ግን ሞተሩ ትንፋሹ ይዛባና ዱግ… ዱግዱግ… ዱግ ይላል። ታላቁ ይህ ለመንገድ የሚሆን ዕቃ አይደለም ብሎ ተሟገተ፤ ነዳጅም ይፈጃል አለ። ማን ሰምቶት።

እናታቸው ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማች ዕለት፣ ይሄ ደግሞ ምን ነክቶት ነው የሚያነክሰው ብላ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም «አንካሳው» ሆነ። የእናትየው ዓይን እየደከመ ሲሄድ ጆሮዋ በረታ። ማታ ማታ ከመንገዱ ማጠፊያ ያ የማነከስ ድምፅ ሲሰማ፣ እሷ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ «አንካሳው መጣ፤ ራት አቅርቡ» ትላለች። ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ቀስ በልም ለጥየቃ መጥቶ ከነበረ፣ አፉ ስለ ነዳጁ ያጉረመርም እንጂ ልቡ ረግቶ ወደ ገበታው ይጠጋል። ዛሬም ድረስ፣ ደስታ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት የሚመጣለት ያች ሰዓት ናት።

ችኩሌ ታመመ። ታሞም አላረፈም፤ ያገለገለ ተርቦ ገዝቶ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠ። ተርቦ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየዞረ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው። ቶሎ እንግጠመው ሲል፣ ታላቁ ቀስ በል፣ ስትድን እንደርስበታለን አለው። አልዳነም። ቀስ በል ለዚያች አንዲት ጊዜ መቸኮል ነበረበት፤ ይህን እያሰበ ስንቴ ቁልፍ ከእጁ እንደወደቀ እሱ ነው የሚያውቀው።

መኪናዋ ሸራ ለብሳ ቆመች። የችኩሌ ልጅ፣ እናቷን በሕፃንነቷ ያጣችው፣ ከአያቷ ጋር እየኖረች ትምህርቷን ጨረሰችና ከትልቁ ዳገት ማዶ ባለ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። አንድ ቀን ጋራዡ መጥታ ሸራውን ገልጣ አየች።

«አጎቴ፣» አለችው፣ «አባዬ እንዳሰበው አድርገህ ሥራልኝ። እሷን እየነዳሁ ነው ሥራ መሄድ የምፈልገው።»

ከረጢቱን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። ተርቦው እንዳለ ነበር። ቀጥሎ ሁለት ካምሻፍቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ፤ አንዱ የችኩሌ ነው፣ ሌላው ጉብታው ጠበብ ያለ፣ ለተርቦ የሚስማማ። የትኛው መግባት እንዳለበት ለማወቅ መካኒክ መሆን እንኳ አያስፈልግም ነበር። ተርቦ አምቆ ያስገባውን አየር ያ የውድድር ዘንግ በመውጫው በኩል ይለቀዋል፤ እንግዳ በፊት ለፊት በር አስገብቶ በጓሮ እንደመሸኘት። ጠባቡ ግን አየሩን ይዞ ያስቀራል፤ ሞተሩ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይጎትታል። ለዕለት ተዕለት መንገድ፣ በዚያ ላይ ለዳገት፣ እሱ ነው የሚመረጠው።

ቀስ በል ይህን ሁሉ እያወቀ የችኩሌን አነሣ። እናቱን አስቦ ነው። ልጇ ከሞተ ወዲህ፣ አመሻሽ ላይ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ዝም ብላ የምታዳምጠውን ነገር ያውቃል። አንድ ጊዜ ብትሰማው ብሎ አሰበ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደስ ይበላት።

ገጥሞ ጨርሶ ዳገቱን ሞከረው። መኪናዋ እግሯን ጎተተች። ነዳጅ ሲሰጣት ታስባለች፤ ተርቦው የሚነቃው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ከኋላ የደረሰ የጭነት መኪና ክላክሱን አምባረቀበት። ልጅቷ በዚህ ዳገት በየቀኑ እንደምታልፍ ትዝ ብሎት ላብ አጠመቀው። ቢሆንም ወደ ጋራዡ አልተመለሰም፤ ወደ እናቱ ቤት ታጠፈ።

ከበሩ ፊት ቆሞ ሞተሩን ሳያጠፋ ተወው። ዱግ… ዱግዱግ… ዱግ። ቤት ውስጥ ወንበር ወደቀ። እናቱ ያለ ምርኩዝ፣ ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ ደጃፉ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ካየ ቆይቷል።

«ችኩሌ፣» አለች፣ «ምነው ዛሬ አመሸህብኝ?»

ቀስ በል ወርዶ እጇን ያዘ። «እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ እሱ በዕድሜው ሁሉ አይረሳውም።

«አጥፋው፣» አለችው። አጠፋው። «ልቤ እያወቀው እግሬ ቀደመኝ። ልጄ፣ ያ ድምፅ እኮ ወንድምህን ይዞልኝ ነው የሚመጣው። እሱን ሳይዝ ከመጣ ምን ያደርግልኛል? ሁለተኛ እንዳታሰማኝ።»

ደጃፉ ላይ ተያይዘው ተቀመጡ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ በቀብሩ ቀን ጠንካራ ነህ የተባለው ሰው ያን ዕለት በእናቱ ጉልበት ላይ አለቀሰ። እሷም የወደቀውን ሻሿን አንሥታ ፊቱን ጠረገችለት፤ ዘይት እንደነካው ሸትቷት ቆሻሻ አለችው።

በማግስቱ ሞተሩን ፈታ። የችኩሌን ዘንግ አውጥቶ፣ ዘይት ቀብቶ፣ በዚያው በመጣበት ጨርቅ ጠቀለለው። ጠባቡን ገጠመ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው፤ ቆማ ስትጠብቅም ሞተሩ አያነክስም፣ አይንቀጠቀጥም። ልጅቷ ከአጎቷ አጠገብ ሆና እየነዳች ሳቀች፤ ሳቋ የአባቷ ነው። እሱ ግን ደስታው ግማሽ ነበር። አንካሳው በቃ ዳነ፤ ሲድን ደግሞ እንደማንኛውም መኪና ሆነ።

ከሰነበተ በኋላ አንድ አመሻሽ ከእናቱ ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ ተርቦው ሲዞር ቀጭን ፉጨት እንደሚያሰማ፣ ለአየር ማጣሪያው ሳጥን ሠርቶ ዝም ሊያሰኘው እንዳሰበ ነገራት። ለመካኒክ እንዲህ ያለ ፉጨት ትንሽ ነውር ነው።

«እንዳትነካት፣» አለችው እናቱ።

ለምን ብሎ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት እጇን አነሣች። እሱ፣ ያ ባለ ጆሮው፣ ምንም አልሰማም። ቆይቶ ነው ከማጠፊያው ባሻገር፣ ትንሿን አቀበት ስትወጣ፣ ያች ቀጭን ፉጨት የደረሰችው።

«ፉጨቷ መጣች፤» አለች እናቱ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ፣ «ራት አቅርቡ።»

ይህን ቃል ችኩሌ ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት የተናገረው ሰው አልነበረም። ያን ምሽት ከቀስ በል በቀር የሚያቀርብም አልነበረም። ዘሎ ተነሣ፤ ሳህን ከሳህን እያጋጨ፣ ማንኪያ እየጣለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ መደርደሪያው ስለጠፋበት የማያስፈልገውን ሁሉ አወረደ።

«ቀስ በል እንጂ፣» አለችው እናቱ። «እየመጣች ነው።»