ማንም ለቅሶ የማይደርሰው ሐዘን

በስሪላንካ፣ ከሃፑታሌ ከተማ በታች ባለው የሻይ እርሻ፣ በሠራተኞች ረድፍ ቤት፣ እኔንና ማራጋታምን የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ታላቃችን ስለሆነች ሁላችንም «አክካ»፣ እህት ዓለም፣ እንላታለን። እንደማናችንም ቅጠል ለቃሚ ናት፤ ሳቂታ፣ ወፈር ያለች፣ ዳገት ስትወጣ ጉልበቷን የምትራገም። ልጅ የላትም። በወጣትነቷ ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም ወርዶባታል። ያኔ ለቅሶ የደረሳት ሰው አልነበረም። «ገና ሰው ያልሆነ ነገር ምን ያስለቅስሻል?» ብለው ቅርጫቷን አሸክመው ወደ ሥራ ሰደዷት።

ከዚያ ወዲህ፣ የአንዷ ፅንስ ወረደ ሲባል ነጭ ሽንኩርት የገባበት የሩዝ አጥሚት ይዛ ትሄዳለች። ሴትየዋን ታጠጣታለች፣ ፀጉሯን ዘይት ቀብታ ታበጥርላታለች። «ሌላ ትወልጃለሽ» አትልም። የሚፈሯት አሉ። እርጉዞች ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ፤ «ገደ ቢስ!» ይሏታል።

«ተያቸው፣» ትለኛለች እየሳቀች፣ «ሲጨንቃቸው ቤቴን አያጡትም።»

ካቦአችን ሲቫሊንጋም ድምፁ ከማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ሚስቱ ዮጋማ ከእኛው ጋር ትለቅማለች። ለሚስቱ ያዳላል እንዳይባል ከሁላችንም ይልቅ የሚጮኸው በሷ ላይ ነበር። ሰባተኛ ወሯ ከገባም በኋላ አልተዋትም።

አንድ ቀን፣ ጭጋጉ ገና ሲገፈፍ፣ ዮጋማ ቅርጫቷን አውርዳ ከሻይ ተክሎቹ መሃል ቁጭ አለች።

«ምነው፣ ቤትሽ መሰለሽ?» አላት ሲቫሊንጋም ከላይ ሆኖ። «ሌላው ቆሞ ሲለቅም አንቺ ንግሥት ነሽ?»

አንዳንዶቻችን ሳቅን።  ዮጋማ እጇን መሬት ላይ አስደግፋ ልትነሳ ስትሞክር ቀሚሷን አየነው። ደም ነበር። ሳቁ አፋችን ላይ ቀረ። ሲቫሊንጋም እየሮጠ ወረደ፤ አጠገቧ ሲደርስ ግን ምን እንደሚያደርግ ጠፋው፤ እጆቹን ዘርግቶ እንደ ግንድ ቆመ። አንስተን ቅጠል በሚጭነው ትራክተር ላይ ያስተኛናት እኛ ሴቶቹ ነን።

ሕፃኗ ሞታ ተወለደች።

በማግስቱ ከማራጋታም ጋር ሆስፒታል ስንደርስ፣ የዮጋማ አማት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለችውን ሕፃን አቅፈው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ይዘዋት ሊሄዱና ሊቀብሯት ነው።

«እናቷ አየቻት?» አለች ማራጋታም።

«ምን ነካሽ? ካየቻት ታብዳለች!»

«ጠይቀዋታል፣ እማማ?»

አሮጊቷ አፍጥጠው አዩዋት። እኔም ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር እናትየዋን የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ማራጋታም ገባችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ዮጋማ፣ ልጅሽን ማየት ትፈልጊያለሽ? አልፈልግም ብትዪም ጥፋት የለውም።»

«ይቻላል?» አለች ዮጋማ። 

ማራጋታም ሕፃኗን ከአማቲቱ ተቀብላ ሰጠቻት፤ ዮጋማም አቀፈቻት። ጨርቁን ገልጣ ብዙ አየቻት። «ጆሮዋ የአባቷ ነው» አለችና ከዚያ አለቀሰች። አላበደችም። አማቷ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር፤ በኋላ እሳቸውም አጠገቧ ተቀመጡና የልጅቱን እግር በመዳፋቸው ያዙ።

ሲቫሊንጋም ከቀብሩ በኋላ ቤቱ አልገባም። ቅጠል የሚመዘንበት መጋዘን ውስጥ፣ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ እህልም አልቀመሰም አሉን። ማራጋታም አጥሚቱን ስታፈላ ሴቶቹ ጮኹባት።

«ለሱ ነው? ያን ሁሉ ሰድቧት!»

«እሱስ ልጁ አይደል የሞተችበት?» ብላ ማሰሮውን አሸከመችኝ።

ስንገባ ቀና ብሎም አላየን። «አክካ፣» አለ፣ «ጩኸቴ ነው የገደላት።»

«ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። የእንግዴ ልጁ ከማህፀኗ ቀድሞ ለቆ ነበር፤ ጩኸት ያንን አያደርግም አለችኝ።» አጥሚቱን ቀድታ ሰጠችው። «ጩኸትህ ግን አስቀያሚ ነበር። ይቅርታውን ሚስትህን ጠይቃት፣ እኔን አይደለም።»

ኩባያውን ተቀበለ። ከዚያ ከደረቱ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ከሰው ይሁን ከእንስሳ መለየት አቃተኝ።  የምንፈራው ሰው ግንባሩን መሬት ላይ አድርጎ ያለቅሳል፤ ማራጋታም ጀርባውን ትዳብሰዋለች፤ እኔ የማየውን ማመን አቅቶኝ እዚያው ተገትሬያለሁ።

ዮጋማ እናቷ ቤት ሄዳ እዚያው ከረመች። የመብራት በዓላችን ዲፓቫሊም አልፎ አልመጣችም። በቃ ፈታችው ስንል አንድ ቀን ሻንጣዋን ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። ምን እንደተባባሉ አናውቅም። ልጅ አልወለዱም። እሱ አሁንም ይጮሃል፣ በሷ ላይ ግን አይደለም።

አምና የትራክተሩ ሾፌር የቲላካን ሚስት ፅንስ ወረደባት። ማራጋታምና እኔ አጥሚታችንን ይዘን ስንሄድ ሲቫሊንጋም ቀድሞናል። ከቲላካን ጋር ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።  በመካከላቸው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አለ፣ ግማሹ ተበልቷል። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ማራጋታም ግን ጫማዋን አወለቀች። «ጠጋ በል እስቲ፣ ልለፍበት» አለችው ሲቫሊንጋምን፤ ወደ ሴትየዋም ገባች።